ማተብ፣ ማእድና መቃብር፦ ካደጉበት ሃይማኖት መውጣት በኢትዮጵያ

ይህ ትምህርታዊ ዝግጅት ሰው ተወልዶ ካደገበት ሃይማኖት ሲወጣ በኢትዮጵያ ምን እንደሚከተለው፣ ነገሩም በታሪክ፣ በሕግና በዘመድ አዝማድ ኑሮ ውስጥ ምን መልክ ይዞ እንደቆየ የሚያብራራ ነው። ማብራሪያው የሚነሣው ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፣ ባሕር ዛፍ በሸፈነው የእንጦጦ ተራራ ላይ ከሚገኘው ከኪዳነ ምሕረት ነው።

ኪዳነ ምሕረት የሚለው ስያሜ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጌታ ለእናቱ ለድንግል ማርያም የገባላትን የምሕረት ቃል ኪዳን የሚያመለክት ሲሆን፣ ዓመታዊ በዓሉ የካቲት 16 ቀን ይከበራል፣ በየወሩም በ16 ይታሰባል። እንጦጦን ከሌሎች አጥቢያዎች የለየው ግን ጠበሉ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ቁልቁለቱን የሚወርደው ሕዝብ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ፣ እህል ሳይቀምስ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ካህኑ በመስቀል እየባረኩ ውኃውን ሲያፈሱበት አንዱ በብርዱ ይንቀጠቀጣል፣ ሌላው ይጮኻል፣ ከጎኑ ያለው ዘመድ ደግሞ እጁን ይዞ ያቆመዋል። ሳምንታትና ወራት የሚቆዩ ሕመምተኞች በአካባቢው ቤት ተከራይተው ይጠመቃሉ። ጠበል ፍለጋ ከሚመጡት መካከል የሌላ እምነት ተከታዮችም እንደሚገኙ በእንጦጦም ሆነ በሌሎች የጠበል ቦታዎች የታወቀ ነው፤ ተጠምቀው፣ ጠበሉን ጠጥተው፣ ወደየቤታቸውና ወደየእምነታቸው ይመለሳሉ። በዚህ ቦታ ሃይማኖት በአካል የሚኖሩት ነገር ሆኖ ይታያል፤ ከሃይማኖት መውጣትም ምን እንደሆነ ለመረዳት አስቀድሞ ሰው የሚገባበት ይህ ኑሮ ከምን ከምን እንደተሠራ ማየት ያስፈልጋል።

በቤተ ክርስቲያኒቱ ሥርዓት ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ይጠመቃሉ። በዚያ ቀን ሕፃኑ የክርስትና ስም ይወጣለታል፣ ማተብ ይታሰርለታል፣ የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት ይቆሙለታል። ማተብ በአንገት የሚታሰር፣ የክርስትና ምልክት የሆነ ክር ነው። ክርስትና ማንሣትም በሁለት ቤተሰቦች መካከል ጋብቻን እስከ መከልከል የሚደርስ መንፈሳዊ ዝምድና ይመሠርታል። ልጁ እያደገ ሲሄድ የቤቱ የንስሐ አባት የእሱም የንስሐ አባት ይሆናሉ፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾምና ፍልሰታ ማእዱን ይወስኑለታል፤ ወላጆቹ የሚጠጡት የጽዋ ማኅበርና የአጥቢያው ሰንበቴ ጎረቤቱንና ወዳጁን ያበዙለታል፤ በመጨረሻም ፍትሐት፣ ማለትም የሙታን ጸሎት፣ ተደርሶለት በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ይቀበራል። በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያኒቱ መተዳደሪያ ደንብ፣ የተቋቋመው የሰበካ ጉባኤ ምእመናኑን በአባልነት ስለሚመዘግብ፣ የመቃብር ቦታ ሲጠየቅ ሟቹ የአጥቢያው አባል መሆኑ ይታያል።

እንግዲህ አንድ ሰው «ማተቡን በጠሰ» ሲባል የሚበጠሰው ክሩ ብቻ አይደለም። ሰውየው ስለ እግዚአብሔር ያለው አሳብ ሲለወጥ፣ አብረውት የክርስትና እናቱ ጥየቃ፣ የፋሲካ ማእድ፣ የጽዋው ተራ፣ ከአባቱ መቃብር አጠገብ የሚጠብቀው ቦታም ጭምር ይናጋሉ። ወላጆች የልጃቸውን መውጣት ሲሰሙ ብዙ ጊዜ እንደ ሞት የሚያለቅሱት ከዚህ የተነሣ ነው፤ ይህን ልቅሶ እንደ ድንቁርና የሚቆጥር ሰው የነገሩን ክብደት አልተረዳም። በሌላ በኩልም የሚወጣው ሰው ይህን ሁሉ ሊያጣ እንደሚችል እያወቀ መውጣቱ፣ ውሳኔውን ሌሎች እንደሚሉት በቀላሉ እንዳልወሰነው ያስረዳል።

ከእነዚህ ሁሉ በኢትዮጵያ ልዩ ክብደት ያለው የሥጋ ጉዳይ ነው። ክርስቲያኑ በሥላሴ ስም፣ ሙስሊሙ በአላህ ስም ስለሚያርድ፣ አንዱ ሌላው ያረደውን አለመብላቱ ለብዙ ዘመን የሃይማኖት ወሰን ሆኖ ኖሯል። በልማድ የሌላውን እርድ የበላ ሰው በቃል ባይክድም እንደ ካደ ይቆጠር ነበር፤ ስለዚህ በጥንቱ ዘመን ሃይማኖት መለወጥ በንግግር ብቻ ሳይሆን በማእድም የሚረጋገጥ ነበር ማለት ይቻላል።

ይሁንና ወጣ የሚባለው ማን እንደሆነ የሚወስነው ሁልጊዜ ወጪው ራሱ አይደለም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተነሡት ደቂቀ እስጢፋኖስ፣ ማለትም የአባ እስጢፋኖስ ተከታይ መነኮሳት፣ ለንጉሥ፣ ለመስቀልና ለእመቤታችን ሥዕል አንሰግድም በማለታቸው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጸረ ማርያም ተብለው ብርቱ መከራ ደረሰባቸው፤ እነሱ ግን የአባቶቻቸውን ሃይማኖት እንደጠበቁ ያምኑ ነበር። ከአምስት ክፍለ ዘመን በኋላም በእንጦጦ ጠበል ተመሳሳይ ጥያቄ በሌላ መልክ ተነሥቶ ነበር። የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ በበረታበት ዘመን በርካታ ሕሙማን ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጥተው ይጠመቁ ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር፣ ከጠበሉ ጋር መድኃኒት መውሰድ እምነትን እንደ ማጉደል ነው ብለው መድኃኒቱን የተዉ ሰዎች ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንና ጠበሉን አጣምሮ መውሰድ እንደሚቻል፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን በይፋ አስተማሩ። ይህ ትምህርት የብዙ ሰው ሕይወት ያተረፈ ከመሆኑ በላይ፣ ከሃይማኖት መውጣት ሳይሆን እንደ መውጣት ሲፈራ የነበረን ነገር በሥልጣነ ቃል ከፍርሃቱ ነጻ ያወጣ ነበር።

በታሪክ ሃይማኖትን በሕዝብ ደረጃ ለማስለወጥ የተሞከረባቸው ዘመናት በአመዛኙ የነገሥታትና የጦር ዘመናት ናቸው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦርነት፣ በልማድ የግራኝ ዘመን በሚባለው፣ ብዙ ክርስቲያኖች እስልምናን ተቀበሉ፤ ዐፄ ገላውዴዎስ መንግሥቱን ባጸኑ ጊዜ ደግሞ ብዙዎቹ ተመለሱ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ለተመላሾች የምትፈጽመው ሥርዓት ያላት ሲሆን፣ ጸሎቱ የተጻፈበት መጽሐፍ መጽሐፈ ቄደር ይባላል፤ ጥምቀት አንዲት ናት፣ አትደገምም ተብሎ ስለሚታመን፣ በቄደር ጸሎት በተባረከ ውኃ መጠመቅ የንስሐ መንጻት እንጂ ሁለተኛ ልደት ተብሎ አይቆጠርም። በክህደት የሄደ ሰው የሚመለስበት በር በሥርዓት ተጽፎ መቀመጡ ብዙ ጊዜ የማይነገርለት ትልቅ ነገር ነው።

ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክ እምነትን በይፋ ተቀብለው፣ ከዚያ በኋላ የመጣው የካቶሊክ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ በጠየቀ ጊዜ አገሩ ተነሣ፤ የወይና ደጋው ጦርነት ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ ንጉሡ በ1624 ዓ.ም. የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ አወጁ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ባዘዙ ጊዜ፣ መሐመድ አሊ የተባሉት የወሎ መሪ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ሲባሉ፣ ሕዝቡ ግን ከፊሉ ተሰደደ፣ ከፊሉ ሸፈተ፣ ከፊሉ በላይ ክርስቲያን በውስጥ ሙስሊም ሆኖ ኖረ። እስልምና በወሎ አልጠፋም። በመካከል የደረሰው ስደትና ደም ግን በማናቸውም የመንግሥት አንድነት ምክንያት ትክክል ነበር ሊባል አይገባውም።

የራስ ሚካኤል ልጅ፣ በጊዜው የአገሪቱ መሪ የነበረው የልጅ ኢያሱ ጉዳይ በአዲስ አበባ ከተማ ከሃይማኖት የመውጣት ክስ እስከ ዙፋን የደረሰበት ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል በዓል ዕለት መኳንንቱና ካህናቱ በተሰበሰቡበት ጉባኤ፣ ኢያሱ የክርስትናን ሃይማኖት ትቶ ሰልሟል፣ ሙስሊሞች ያረዱትን በልቷል የሚል ክስ ተነበበ፤ ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ መኳንንቱን ከመሐላቸው ፈቷቸው፣ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪም አልጋ ወራሽ ተባሉ። ኢያሱ በዚያ ቀን በሐረር ነበር እንጂ በጉባኤው ፊት ቀርቦ አልተጠየቀም፤ አባቱ ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው የዘመቱት ዘመቻም ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ጦርነት በሽንፈት ተደመደመ። ወጣቱ መሪ በእርግጥ ሰልሞ ነበር ወይስ ሙስሊሙን የአገሩ ሙሉ ዜጋ ለማድረግ ሞክሮ ነበር በሚለው ላይ የታሪክ ጸሐፊዎች ይለያያሉ። ክሱ ግን ምን ያህል ኃይለኛ መሣሪያ እንደነበረ ማንም አይክድም፤ የሰውየውን ቃል መስማት ሳያስፈልግ የመሐላ ማሰሪያን ሁሉ የሚፈታ ነበርና።

ከዚህ የተለየ መንገድ የሄዱ፣ ማንም ሳያስገድዳቸው በንባብና በምርመራ ካደጉበት የወጡ ሰዎችም በኢትዮጵያ ታሪክ ይገኛሉ፤ ከሁሉም ይልቅ ሊጠና የሚገባው እጨጌ ዕንባቆም ነው። እጨጌ የደብረ ሊባኖስ ገዳም አበምኔት ማዕርግ ሲሆን፣ ዕንባቆም ከየመን መጥቶ በኢትዮጵያ የተጠመቀና የገዳሙ 11ኛ እጨጌ እስከ መሆን የደረሰ ሰው ነው። በ1530ዎቹ ዓ.ም. አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ፣ ዕንባቆም አንቀጸ አሚን፣ ማለትም የእምነት በር፣ የተባለውን መጽሐፉን ለኢማም አሕመድ በደብዳቤ መልክ ጻፈ፤ በመጽሐፉም ስለ ክርስትና የሚከራከረው ከቁርኣን እየጠቀሰ፣ ትቶት የመጣውን ሃይማኖት መጽሐፍ እንደሚያውቅ ሰው ነው። የተወውን እምነት በጭፍን የሚሳደብ ሰው ሊጽፈው የሚችለው መጽሐፍ አይደለም፤ አንባቢውን ከሚያውቀው ተነሥቶ ሊያስረዳው የሚጥር ነው። ከእሱ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ዘግይቶ በበጌምድር የተነሣው ሼክ ዘካርያስም ቁርኣንን እየመረመረ ሲያስተምር ኖሮ፣ በ1902 ዓ.ም. ተጠምቆ ንዋየ ክርስቶስ ተባለ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ተከታዮቹም ተጠመቁ። በዚያው ዘመን በጌምድር ተወልደው በስዊድን ሚሲዮን የተማሩት አለቃ ታየ ገብረ ማርያም፣ የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ የተባለውን መጽሐፍ የደረሱት ሊቅ፣ ወደ ፕሮቴስታንት እምነት በማዘንበላቸው በካህናት ተከሰው እስራት ደርሶባቸዋል። አለቃ ታየ ግዕዙንና የአገሩን ትምህርት አልተዉም፤ ከሃይማኖት የወጣ ሰው ከአገሩ እውቀትም ይወጣል የሚለው አስተያየት በእሳቸው ሕይወት ሐሰትነቱ ታይቷል።

የአያት ቅድመ አያት መውጣት በልጅ ልጅ ላይ የሚያስከትለውን ነገር ለማየት ደግሞ የቤተ እስራኤል ታሪክ ይጠቅማል። ከ1850ዎቹ ጀምሮ በጎንደር አካባቢ በለንደን ሚሲዮን ስብከትና በኑሮ ግፊት ከቤተ እስራኤል መካከል ክርስትናን የተቀበሉ ነበሩ፤ ዘሮቻቸው ፈላሽ ሙራ ይባላሉ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ሲጓጓዙ፣ እነዚህ ቤተሰቦች ወደኋላ ቀሩ፤ የእስራኤል የመመለስ ሕግ በፈቃዱ ሃይማኖቱን የለወጠን አይሁዳዊ ስለማይጨምር ነው። መሬት ለማግኘት ወይም ከመገለል ለመዳን ሲባል አያት የወሰደው ውሳኔ በፈቃድ የተደረገ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ በጎንደርና በአዲስ አበባ ለዓመታት ሲጠባበቁ የኖሩ ሰዎችን ዕጣ ወስኗል፤ ወንድም ከወንድሙ፣ ልጅም ከእናቱ የተለያየበት ጊዜ ብዙ ነው።

በዛሬው ዘመን የሃይማኖት ለውጡ በብዛት ወደ ፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት እንደሆነ ሁለቱ የመጨረሻ የሕዝብ ቆጠራዎች ያመለክታሉ። በ1987ቱ ቆጠራ ኦርቶዶክሶች ከአገሪቱ ሕዝብ 50.6 በመቶ፣ ፕሮቴስታንቶች 10.2 በመቶ ነበሩ፤ በ1999ኙ ኦርቶዶክሱ 43.5፣ ፕሮቴስታንቱ 18.6 በመቶ ሆነ። የሙስሊሙ ድርሻ ከ32.8 ወደ 33.9 ብቻ ከፍ ብሏል። እነዚህን አኃዞች ሲያነቡ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ከፕሮቴስታንቱ ዕድገት ብዙው በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ ከባህላዊ እምነት የመጡ ሰዎችን የሚጨምር ነው፣ የወሊድ መጠን ልዩነትም የራሱ ድርሻ አለው። ሃይማኖት የለኝም የሚል ሰው በኢትዮጵያ በግልጽ የሚታየው በጥቂቱ ነው። በአብዮቱ ዘመን ማርክሳዊ ትምህርት ከእምነት ያወጣቸው ብዙ ወጣቶች ነበሩ፤ ከእነሱም በርካቶች ከዓመታት በኋላ ተመልሰዋል። ዛሬ በልቡ የማያምን ሰው ቢኖርም ክርስትና ሲነሣ፣ ሠርግ ሲደገስ፣ ሰው ሲቀበር ከዘመዶቹ ጋር ይቆማል እንጂ አሳቡን ይፋ ማውጣት እምብዛም አይፈልግም።

ሕጉ በዚህ ረገድ ረጅም መንገድ ተጉዟል። እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው የሚሲዮኖች ደንብ አገሪቱን ለሁለት ከፍሎ፣ ሕዝቧ በአመዛኙ ኦርቶዶክስ በሆነባቸው ስፍራዎች ሚሲዮኖች ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ሰው እንዳይስቡ ይከለክል ነበር፤ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደነገገ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የሙሉ ወንጌል አማኞች ያለ ፈቃድ ተሰብስባችኋል ተብለው በጅምላ ታስረዋል። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ሃይማኖትና መንግሥት ቢለያዩም፣ የደርግ ዘመን ለአማኞች የነጻነት ዘመን አልነበረም፤ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሁለቱም በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ማንኛውም ሰው የመረጠውን እምነት የመያዝ ወይም የመቀበል መብት እንዳለው፣ ይህንንም በኃይል ወይም በሌላ ማስገደጃ መከልከል እንደማይቻል ይደነግጋል፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን በየእምነታቸው የማሳደግ መብት ይሰጣቸዋል። ኢትዮጵያ ከዚያ አስቀድማ በ1941 ዓ.ም. ሃይማኖትን የመለወጥን መብት በስም ጠቅሶ ያስቀመጠውን ሁለንተናዊ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ደግፋ ድምፅ ከሰጡት አገሮች አንዷ ነበረች። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሃይማኖት መለወጥን ወራሽነትን የሚያሳጣ ምክንያት አላደረገውም፤ አባት ልጁን ከውርስ የሚነቅለው በኑዛዜው ምክንያቱን ገልጾ ብቻ ነው።

ሕጉ የማይደርስበት ቦታ ግን አለ፤ እሱም መቃብር ነው። አንቀጽ 27 ስለ ቀብር የሚናገረው ነገር የለውም፤ የመቃብር ስፍራዎችም በአብዛኛው የየሃይማኖቱ ይዞታዎች ናቸው። ከኦርቶዶክስ ቤተሰብ ወጥቶ በሌላ እምነት የኖረ ሰው ሲሞት፣ አጥቢያው ፍትሐት አያደርስለትም፣ በቅጽሩም አይቀበርም፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ያልተቀበለችውን ሰው በእሷ ሥርዓት ትቅበር ማለት አይቻልም፣ ሟቹም ያልፈለገው ጸሎት እንዲደረስለት ማስገደድ ለእሱ ክብር አይሆንም። ችግሩ የሚብሰው ወላጆች በእኛ ሥርዓት ካልተቀበረ፣ ወይም የአዲሱ እምነት ወንድሞች ከእኛ ወገን ሌላ ማንም አይጠጋው ብለው አስከሬኑን ሲሻሙ ነው።

በአዲስ አበባ ብዙው እድር በሠፈር የተመሠረተ በመሆኑ በዚህ ጊዜ የሚያስታርቀው እሱ ነው። እድር አባላቱ በየወሩ እያዋጡ በሐዘን ጊዜ ድንኳን፣ ወንበር፣ ዕቃና ሰው የሚያሰልፉበት ማኅበር ሲሆን፣ አባሉን የሚያውቀው በመዋጮው እንጂ በማተቡ አይደለም፤ ሟቹ የትም ይቀበር ድንኳኑን ይተክላል። ኦርቶዶክስ ዘመዶች አስከሬኑን እስከ መቃብሩ ስፍራ ይሸኛሉ፣ ጸሎቱ ሲጀመር ከዳር ይቆማሉ፣ ከጸሎቱ በኋላ ተመልሰው ከሐዘንተኛው ጋር ይቀመጣሉ። በወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን ዘመዳሞች በሠርግና በሐዘን ለየብቻ ሁለት ከብት የማረድ ልማድ አላቸው፤ በከተማው ድንኳን ግን ሁለት እርድ ማሰናዳት ለብዙው ቤተሰብ ስለሚከብድ፣ ሴቶቹ የዕለቱ ጾም ይሁን ፍስክ ሳይጠይቁ ሽሮና ምስር ወጥ ይሠራሉ፤ ሥጋ የሌለበት ማእድ በማንም ስም አልታረደምና ሁሉም እጁን ታጥቦ ይቀርባል።